ቁጥር ዘጠኝ ድንጋይ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፣
መርሳ፣ ታች ሰፈር

እንዴት ሰነበቱ ጋሼ? ጉልበቱ እንዴት ነው? ያንን ሁሉ ቀን ባለስድስት ሜትር ዘንግ ተሸክመው ሲዞሩ አንድም ቀን ደከመኝ አላሉም፤ እኔ ወጣት ተብዬዋ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ትከሻዬን እያሸሁ ነው። የቤትዎን እመቤት እትዬ የሺን ሳልሰናበት በመምጣቴ በጣም አፍሬያለሁ። ሾፌሩ ቢኒያም አውቶቡሱን አስነሥቶ ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ነው ሮጬ የወጣሁት። በአንቱ እጅ የላኩልኝን ቆሎ ደሴ ሳልደርስ እንደጨረስኩት ይንገሩልኝ፤ ይቅር ይሉኛል።

«ከተማችን ምን መሰለች?» ብለው ላስጠየቁኝ፣ መልሱን አትሜ በዚሁ በቢኒያም እጅ ልኬያለሁ። በዘንጉ ጫፍ የታሰረው ካሜራ ያነሣቸው አሥራ አንድ ሺህ ፎቶዎች ተገጣጥመው፣ መርሳ ኮምፒዩተር ውስጥ በጭቃ እንደተሠራች ሆና ቆማለች። ጣሪያው፣ አጥሩ፣ ቦዩ፣ የወፍጮ ቤቱ ደረጃ ሳይቀር ከፍታና ዝቅታው ይታያል። ተራ ካርታ ቤቱ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ይኼኛው ግን ቤቱ ከወንዙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይናገራል። ከዚያ በሂሳብ ውሃ እንለቅበታለን፤ የት እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚቆም እናያለን።

ቀይ የተቀባ ቤት ጎርፍ የሚገባበት ነው። አረንጓዴው አይነካም። ቀይ የወጣላቸው ሰዎች ከዳገቱ በላይ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ እስከዚያ ደግሞ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ወደ ላይኛው ትምህርት ቤት ይወጣሉ። አረንጓዴዎቹ ባሉበት ይቀመጣሉ። የከተማው ኮሚቴ ዝርዝሩን ሐምሌ 5 ይዘጋል።

የምሥራቹን ልንገርዎ፤ የታች ሰፈር አርባ አንዱም ቤት አረንጓዴ ወጥቷል! ኮምፒዩተሩ ላይ ሳየው ብቻዬን አጨበጨብኩ። እትዬ የሺ ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም። ቢሆንም ወንዙን ከእኔ በላይ ያውቁታልና ካርታውን በደንብ ይዩልኝ።

ልጅዎ ሰምሃር


መርሳ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰምሃር ፀጋይ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ግን አትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠይቀውም፣ ተኳርፈናል። አባትሽ ባለፈው ከወልድያ መጥቶ በርበሬ ሲገዛ አግኝቼው «ልጅህ እኮ በስተርጅና ዘንግ አሸክማ አዞረችኝ» ስለው እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። ምን ያሥቀዋል?

ካርታሽ ደርሷል። የሺ እልል ብላ ከሥላሴ ሥዕል አጠገብ ለጠፈችው። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ቤቱን ይፈልጋል። ባለወፍጮው ጎረቤቴ ኑርሁሴን የራሱን ጣሪያ ሲያገኝ «አልሃምዱሊላህ! ቆርቆሮው ላይ የጣልኩት ጎማ ሳይቀር አለ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ግን እንደምታውቂኝ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በሚሊ ሜትር ቀልድ አላውቅም። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ የኑርሁሴን አባት ወፍጮ ቤት ገብቶ የሰው እህል ከነጆንያው አብቅሏል። በዓይኔ ነው ያየሁት። አንቺ ደግሞ ያንኑ ቤት አረንጓዴ ቀብተሽ ልከሽልኛል። ካርታሽ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ የጃጀሁት?

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። እነዚያ በየቦታው ያስቀመጥሻቸው ነጭ መስቀል የተቀባባቸው ድንጋዮች ሥራቸው ምንድን ነው? እንበልና አንዱ ድንጋይ በሬ ረግጦት ወይ ምናምን ነክቶት ቢንቀሳቀስ ምን ያመጣል? ማንም ነክቶታል ማለቴ አይደለም። በሬ ነው ያልኩት።

በስልክ እንዳትመልሺልኝ። አንደኛ ጆሮዬ ስልክ አይሰማም። ሁለተኛ የሚያነጋግርልኝ ኑርሁሴን ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፁ ከወፍጮው ይብሳል፣ ግማሽ መርሳ ይሰማል።

ማሩ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፣

ኧረ አልጃጁም! እውነቱን ልናገር፣ ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። የስድስት ሳምንት ሥራዬን በአንድ ጆንያ የበቀለ እህል ሲያፈርሱብኝ ምን ልሁን? ሲያድር ግን እህሉ ከአእምሮዬ አልወጣልኝ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲበቅልብኝ አደረ።

ድንጋዮቹ የካርታው ምስማሮች ናቸው። ፎቶ ብቻውን ከፍታ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ድንጋይ ከፍታ በመሣሪያ እለካለሁ። በማግስቱ ፎቶ ሲነሣ ያ ድንጋይ ይታያል፤ ኮምፒዩተሩም «ይቺ ቦታ ይህን ያህል ከፍ ትላለች» ብሎ ዙሪያውን በሙሉ በእሷ ልክ ያስተካክላል። ድንጋዩ ከተለካ በኋላ ሰው ሳያየው ወደ ታች ቢወርድስ? ኮምፒዩተሩ በምን ያውቃል? ታችኛውን መሬት ወደ ላይ አንሥቶ ይሠራዋል። ተገልብጦ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ቢሆን ግን ጉዳት የለውም፤ ፎቶው ላይ ስለማይታይ እንተወዋለን።

ታች ሰፈር ላይ ሁለት ድንጋይ ነበረኝ። ቁጥር ስምንት ላይ ጭድ ተከምሮበት አልታየም። የቀረው ቁጥር ዘጠኝ ብቻ ነው። አንቱ ደጃፍ ላይ ያለው፣ እትዬ የሺ «ምነው ከሰው ሁሉ እኔ በር ላይ?» ያሉኝ። አርባ አንዱም ቤት በእሱ ላይ ነው የቆመው።

ፎቶው በተነሣ ቀን እኔ ገበያው ጋ ስሠራ፣ በታች ሰፈር ዘንጉን ይዘው የዞሩት አንቱ ብቻዎን ነበሩ። ጋሼ፣ እውነት በሬ የረገጠው ድንጋይ አለ ወይ?

ሰምሃር


መርሳ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰምሃር፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል። ትናንት አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር፣ ዛሬ ስድስት። ጓሮ ያለችውን መለኪያዬን አሁንም በየጠዋቱ አነባታለሁ፤ ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም። የጎረቤታችን የታደለች ልጅ ሠርግ በሰላም አለፈ። ግራና ገበያ በግ ተወዷል ይላሉ። የሺ ሰላም ብላሻለች፣ ቆሎ እያመሰችልሽ ነው።

የጠየቅሽኝ ነገር ነበረ መሰለኝ። መነጽሬ ስለተሰበረ ደብዳቤሽን ደግሜ ማንበብ አልቻልኩም። ሲጠገን እጽፍልሻለሁ።

ማሩ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፣

መነጽርዎ ከተሰበረ ስድስቷን ሚሊ ሜትር በምን አነበቧት?

አልቆጣም። ለመቆጣት መብትም የለኝም። ማንም የማያውቀውን ልንገርዎ። ቁጥር ዘጠኝ ከሌሎቹ ድንጋዮች ጋር እንደማይስማማ ኮምፒዩተሩ ነግሮኝ ነበር። ምልክት አሳይቶኛል፤ አይቼ አለፍኩት። «ጥቃቅን ስህተት ነው» አልኩ። ለምን መሰለዎ? ሰፈሩ አረንጓዴ ስለወጣ ነዋ! በልጅነቴ አባቴ ለገበያ ይዞኝ ሲመጣ ያደርኩበት፣ እትዬ የሺ እግሬን ያጠቡበት ቤት አይነካም ሲለኝ ደስ አለኝ። ቀይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ እፈትሸው ነበር። አረንጓዴ ሲወጣልኝ አንዴም አልፈተሽኩም። ባለሙያ ነኝ እያልኩ!

ጋሼ፣ ኮሚቴው ሐምሌ 5 ዝርዝሩን ይዘጋል። ካርታው ውሸት ከሆነ አርባ አንድ ቤተሰብ ደህና ነን ብሎ ነሐሴን ይተኛል። እትዬ የሺም አብረው ይተኛሉ። በእኔ ወረቀት ተማምነው።

ማን እንደነካው አይንገሩኝ፤ ግድ የለኝም። ከየት ተነሥቶ የት እንደሄደ ብቻ ይንገሩኝ። እባክዎ።

ሰምሃር


መርሳ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

መነጽሬ አልተሰበረም።

ድንጋዩን ያነሣችው የሺ ናት። እንግዲህ አወቅሽው። ወልድያ ላይ መንገዱ ሲሰፋ የወንድሟ የይታገሱ ሱቅ በር ላይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ሱቁ የለም። ካሳ ተከፍሎታል፣ ግን ሱቁ የለም። ከዚያ ወዲህ የሺ ቀለም የተቀባ ነገር ካየች ሊፈርስ ነው ትላለች። አንቺ ደጃፏ ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ድንጋይ አስቀምጠሽ ስትሄጂ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖረችበት ቤት አበቃለት ብላ አመነች። እኔ ብነግራት፣ ብነግራት ወይ ፍንክች! በማግስቱ ማልዳ ተነሥታ ድንጋዩን ታቅፋ ወጣች።

አሁን የምነግርሽን ስሚ። አወጣጧ ወንዝ ውስጥ ልትጥለው ነበር። አልቻለችም። «መስቀል ያለበትን ነገር እንዴት ብዬ ውሃ ውስጥ እወረውራለሁ? በፊቱስ እንዴት እደፋዋለሁ?» ነው ያለችኝ። ስለዚህ ከአጥራችን ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ንጹሕ ሣር ፈልጋ መስቀሉን ወደ ሰማይ አድርጋ አስተካክላ አስቀመጠችው። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ሳይቀር ጠርጋለታለች። ደፍታው ቢሆን አንቺ እንዳልሽው ምንም አልነበረም። አክብራው ነው ያሳሳተችሽ።

የእኔ ይብሳል። ዘንጉን ይዤ ሳልፍ ድንጋዩን ታች አየሁት። ቀና ስል የሺ በአጥሩ ቀዳዳ ታየኛለች። ዝም አልኩ። «ድንጋይ ነው፣ ምን ያመጣል» አልኩ። ቤቴ ሰላም ይሁን ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የዝናብ መለኪያዬን ሰው እንዳይነካብኝ አጥር አጥሬ የጠበቅሁ ሰውዬ፣ ያንቺ መለኪያ ሲነካ ዓይኔን ጨፈንኩ። አፍሬያለሁ ልጄ፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

ድንጋዩ አሁንም እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ከግንበኛ የውሃ ልክ ማያ ቱቦ ተውሼ ውሃ ሞልቼበት፣ መጀመሪያ ከነበረበት አሁን እስካለበት ለካሁት። አሥራ አምስት እርምጃ ነው፤ ቁልቁለቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት ሳንቲም። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ ሦስቱም አንድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የምትጽፊው ወረቀት ላይ ስሟን አትጻፊ። ሰፈሩ ከሰማ በእድር ፊት ቀና ብላ አትሄድም። እኔን ከፈለግሽ ጻፊኝ።

ማሩ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፣

ስለጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ አልጨምርም፤ ከጨመርኩ አለቅሳለሁ፣ ሥራ ደግሞ አለብኝ።

የለኩልኝን ቁልቁለት አስገብቼ መርሳን እንደገና ሠራኋት። ቁጥር ዘጠኝ ከሌሎቹ ጋር ታረቀች። ታች ሰፈር ወረደ። አርባ አንዱም ቤት ቀይ ነው። የወፍጮ ቤቱ፣ ያ እህል የበቀለበት፣ ከሁሉም ይብሳል። አንቱ በር ላይ ውሃው ከደጃፉ መሬት ሰባ ሁለት ሳንቲም ይቆማል ይላል። አንድ ስንዝር ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል፤ የእኔ ሙያ ከዚህ በላይ አያጠራም። የጭቃ ግድግዳ በዚያን ያህል ውሃ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ከእኔ ይልቅ አንቱ ያውቃሉ።

የእትዬ የሺን ስም አልጻፍኩም። የአንቱንም አልጻፍኩም። «ምልክቱን ሳላረጋግጥ ያስረከብኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ውሸትም አይደለም። አለቃዬ ተቆጥቶኛል፣ ይበለኝ። ኮሚቴው አርባ አንዱንም ቤት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ግን ምትክ ቦታው ከመስከረም በፊት አይደርስም። ነሐሴን እንዴት ታልፋላችሁ? ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ስለዚህ አሁን የአንቱ ሙያ ነው የሚያስፈልገኝ። በመለኪያዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ አርባ አምስት ሚሊ ሜትር ከሞላና ተራራው ከጠቆረ፣ ውሃው በሁለት ሰዓት ውስጥ ታች ሰፈር ይደርሳል። ያኔ ማንም ሰው ቤት ውስጥ መገኘት የለበትም። አዲሱን ካርታ ልኬያለሁ። አረንጓዴውን ከሥላሴ ሥዕል አጠገብ ያውርዱልኝ፤ እዚያ መሆኑን ሳስብ እሸማቀቃለሁ።

ሰምሃር


መርሳ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰምሃር፣

ሰው አልሞተም። ይህን ያስቀደምኩት ወረቀቱን ፈርተሽ እንደምትከፍቺው ስለማውቅ ነው። አሁን ቁጭ በይና አንብቢ።

ሐምሌን ሙሉ ያልጻፍኩልሽ የምጽፈው ደግ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ቀዩን ካርታ ይዤ ቤት ለቤት ብዞር ሳቁብኝ። «ያለፈው ወር አረንጓዴ፣ የዚህ ወር ቀይ፤ የሚመጣው ወር ደግሞ ቢጫ ይሆን?» አሉኝ። ኑርሁሴን «አብሽሩ ጋሼ ማሩ፣ ወረቀት ውሃ አያመጣም» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ቀለሙ ለምን እንደተለወጠ እንዳልነግራቸው ሚስቴን ማጋለጥ ይሆንብኛል። እየተቃጠልኩ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሐምሌ 13 እሑድ እድር ተሰበሰበ። ስለ ተቀደደው ድንኳን እየተነጋገርን ሳለ የሺ ብድግ አለች። «ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረችው፤ ቀለሙን፣ የይታገሱን ሱቅ፣ ሣሩን፣ መስቀሉን። «ቤቴን ላድን ብዬ እናንተን ከነልጆቻችሁ ውሃ ውስጥ ላስተኛችሁ ነበር። ልጅቷ አትዋሽም። ማሩም አይቶ የዋጠው ለእኔ ብሎ ነው» አለች። ቀድሞ የተናገረው ኑርሁሴን ነው። «ወላሂ እኔ ብሆን ወንዝ ውስጥ ነበር የምወረውረው» አለ።

«ወርውረኸው ቢሆንማ ደህና ነበርን» አልኩት።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። የሺ ብቻ ታለቅስ ነበር። ሴቶቹ ከበዋት ተቀመጡ። ካርታውን ያላመነ ሁሉ እሷን አመነ። እዚያው ተስማማን፤ መለኪያዬ አርባ አምስት ሲሞላ ኑርሁሴን ወፍጮውን ያለ እህል ያስነሣል፣ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወጣል። ያንን ድምፅ እኔም እሰማዋለሁ።

ነሐሴ 14 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባ አምስት ሞላ፤ ወፍጮው ያለ እህል ተነሣ። አሥር ሰዓት ላይ ሃምሳ ስምንት ነበር። ሰዉ ፍራሹን፣ እህሉን፣ ፍየሉን ይዞ ወጣ። የሺ መጨረሻ ወጣች፤ ቁጥር ዘጠኝን ከወንዙ ዳር አንሥታ ታቅፋ። እኔ የሥላሴን ሥዕል ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ። ስለ ውሃው አልነግርሽም፤ አንቺ ከእኔ በፊት አይተሽዋል።

አሥራ ሁለት ቤት ፈርሷል፣ የእኛም አንዱ ነው። ለጊዜው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነን፤ ሰባተኛ ክፍል ደርሶኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ። ከቤቱ የቀረው የበሩ መቃን ብቻ ነው። በማግስቱ ደለሉን እስከ ደጃፉ መሬት ድረስ ጠርጌ፣ ውሃው መቃኑ ላይ የተወውን መስመር ለካሁት። ስልሳ ዘጠኝ ሳንቲም። «ሰምሃር ሦስት ሳንቲም ተሳስታለች» አልኳት ለየሺ። ላሥቃት ብዬ ነው፤ ከውሃው ወዲህ ጥርሷን አላየሁም ነበር።

«አልተሳሳተችም» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «የሐምሌ አቦ ለት አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደጃፉን ሁለት ጣት አፈር ሞልቼ ጠቅጥቄዋለሁ። ያኔ ገና ቤቱን ላድነው እችላለሁ ብዬ ነበር።»

ስለዚህ መዝገብሽ ላይ ሰባ ሁለቱን እንዳለ ተይው። ሦስቷን ሳንቲም ደግሞ በእሷ ስም ጻፊያት። ስሟን አትጻፊ ያልኩሽ ቀርቷል፤ «ከነአባቴ ስም ይጻፍ» ብላለች። የሺ ይመር።

ማሩ